ጠፍሩ ያለበት ጀሪካን

«አውራ ጣትሽ» አሉ ፓፓ። «አውራ ጣትሽ የት ነው ያለው?»

ካይሳ ወደ ግራ እጇ ተመለከተች። አውራ ጣቷ ከሌሎቹ ጣቶቿ ጋር ከእጀታው በላይ ተሰልፏል። ወደ ታች አዙራ እጀታውን ጠቀለለችው።

«አሁን ገና ያዝሽው። ቅድም ተሸክመሽው ነበር።»

የሞተር መጋዙ ካሰበችው በላይ ይከብዳል። ቀይ ነው፤ አንድ ጭረት እንኳ የለበትም፤ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት ፊት ያሳያል። ካይሳ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቤታቸው ሃያ ሁለት ዓመት የኖረውን አሮጌውን መጋዝ አንድ ቀን እንኳ እንድታስነሣው ተፈቅዶላት አያውቅም ነበር። አሮጌው ባለፈው ወር ግንድ መሃል ተንፍሶ ቀረ፤ የፓፓም ቀኝ ትከሻ በበጋው ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። ስለዚህ «አዲሱ ለእሷ ነው» አሉ ፓፓ።

«አርቮ፣ ለልጅቷ ከሆነ ሮዝ ቀለም ያለውም አለኝ» አለ ዱዌይን ፓፓን በስማቸው ጠርቶ፣ ከባንኮኒው ኋላ። ሱቁ የእሱ ነው፤ በመንደሩ ያለ ሞተር ሁሉ የሚገዛውም የሚጠገነውም እዚያ ነው።

«ላንተ አስቀምጠው» አለች ካይሳ።

ፓፓ ድምፅ ሳያወጡ ሳቁ፤ ትከሻቸው ብቻ ተነቃነቀ። የእናቷ አባት ናቸው። ካይሳና እናቷ ከእሳቸው ጋር መኖር ከጀመሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል።

«እሺ፣ ምላስሽ ስለታም ነው። አሁን ጆሮሽን ስጪኝ» አለ ዱዌይን። «አዲስ ሞተር ነው፤ ውስጡ ያለው ብረት እርስ በርሱ ገና አልተላመደም። የመጀመሪያዎቹን አራት ሙሌት በስሱ ነው የምትሠሪው። ቤንዚኑን እስከ ጥግ ስበሽ አታስጩኺው፤ ትልቅ ግንድ አታስነክሺው። ሰንሰለቱም አዲስ ስለሆነ ይለጠጣል። አምስት ስድስት ጊዜ ከቆረጥሽ አጥፊው፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ አጥብቂው። በትኩሱ ካጠበቅሽው ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ሞተሩን ያንቀዋል።»

«ቤንዚኑስ?» አሉ ፓፓ። መልሱን ያውቁታል፤ ካይሳ ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማው ፈልገው ነው።

«ዘይት የተቀላቀለበት። ሁሌ! ይሄ ሞተር ሌላ ዘይት የሚጠጣበት መንገድ የለውም። ንጹሕ ቤንዚን ከሞላሽበት ጥቂት ደቂቃ እንደ ጉድ ይዘፍንልሻል፤ ከዚያ ጸጥ። ያኔ ወደ እኔ አታምጪው፤ ወደ ፓስተሩ ውሰጂው፣ እሱ ይቅበረው።»

በመንገዱ ሁሉ ካርቶኑ ጭኗ ላይ ነበር፤ እግሯ አላርፍ ብሎ የፒካፑን ወለል ይመታል። ሰማዩ ዝቅ ብሏል። ከሱፒሪየር ሐይቅ የሚመጣው ነፋስ ቅጠሉን አርግፎ ጨርሷል፤ ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ሦስት፣ ከዚያ በረዶው ይመጣል፤ ከመጣ ደግሞ እስከ ጸደይ አይሄድም። በመንገዱ ግራና ቀኝ በየቤቱ ጎን የማገዶው ክምር ተደርድሯል። የላሃቲዎች ክምር እንደ ግንብ ቀጥ ያለ ነው። የመምህርት ኖርማ ሁለት ረድፍ ሞልቶ ሦስተኛው ተጀምሯል። እዚህ አገር ሰው የጎረቤቱን ቤት አያይም፤ ክምሩን ነው አይቶ የሚያልፈው።

የእነ ካይሳ ክምር ግማሽ ነው። በቁማቸው የደረቁትን አሽ የሚባሉ ዛፎች ጎረቤታቸው ገንድሶ፣ በትራክተር ጎትቶ ግቢያቸው ውስጥ ጥሎላቸዋል። ደረቅ ስለሆነ እንደተቆረጠ ይነድዳል። ግን የሚቆርጠው ሰው ጠፍቶ እስከ ዛሬ እንደ ተጋደመ ነው።

«ዛሬ ሙሉውን እጨርሰዋለሁ» አለች።

«ዛሬ ሁለት ሙሌት ትጨርሻለሽ» አሉ ፓፓ።

እንዳሉትም ሆነ። የጭን መከላከያውን አሠሯት፤ ሄልሜቱን በጆሮ መሸፈኛው አስጠለቋት። ቀጫጭኑን እንጨት ብቻ መርጠው ማቆሚያው ላይ ጫኑላት። ገመዱን በሦስተኛው ስትስበው መጋዙ ተነሣ፤ ንዝረቱ በክንዷ ወጥቶ ጥርሷ ድረስ ደረሰ። የመጀመሪያው ቁራጭ ወደቀ። ሁለተኛው። አምስተኛው። መጥረቢያ የግማሽ ቀን ሥራ የሚያደርገው ነገር በሷ እጅ የደቂቃ ሆነ። ልክ ስትሞቅ ፓፓ እጃቸውን አነሡ።

«አጥፊው።»

«አሁን ጀመርኩ እኮ!»

«ሰንሰለቱንስ አይተሽዋል?»

ሰንሰለቱ ከብረቱ ሥር ወርዶ ተንጠልጥሏል። አጥፍታ ጠበቀች። መጠበቅ ከሁሉም የከፋው ነበር። ግንድ ላይ ተቀመጠች፤ ተነሣች፤ ብረቱን በጓንቷ ነካችው፤ ገና ትኩስ ነው። እንደገና ተቀመጠች። ፓፓ የቆረጠችውን አንድ በአንድ እያነሡ በግራ እጃቸው ይደረድራሉ፤ ጥድፊያ የሚባል ነገር ከነአካቴው አያውቁም። ከሰዓት በኋላው እንዲህ አለፈ፤ አምስት ቆርጦ ዐሥር ደቂቃ መጠበቅ፣ አምስት ቆርጦ ዐሥር ደቂቃ መጠበቅ።

የመጀመሪያው ሙሌት ሲያልቅ ፓፓ ሳውናውን፣ በግቢው ያለውን የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ ሊያነድዱ ሄዱ፤ ቅዳሜ ነው፣ ቅዳሜ ማታ ያለ ሳውና አይታደርም። «ከጠፍሩ ጀሪካን ሙዪው» አሉ ከኋላቸው።

በማሽን ቤቱ ውስጥ ሁለት ጀሪካኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም አንድ ልክ። አንደኛው ለበረዶ መግፊያው ማሽን ነው፤ ንጹሕ ቤንዚን። ሌላኛው ለመጋዙ ነው፤ በዘይት የተቀላቀለ። ማሽን ቤቱ መብራት የለውም፤ የፓፓ ዓይን ደግሞ ሩቁን እንጂ ቅርቡን አያይም። ስለዚህ ካይሳ ሳትወለድ ጀምሮ በመጋዙ ጀሪካን እጀታ ላይ አንድ የቆዳ ጠፍር ታስሮበታል። በጨለማም ቢሆን፣ በጓንትም ቢሆን፣ እጅ ያገኘዋል። ቋጠሮው ፓፓ በወጣትነታቸው በሐይቁ መርከቦች ላይ ሲሠሩ የተማሩት ነው፤ ሁለቴ ዞሮ በሦስተኛው ዙር ራሱን የሚነክስ፣ በሳቡት ቁጥር የሚጠብቅ። ካይሳን ብዙ ጊዜ ሊያስተምሯት ሞክረዋል፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ሲደርሱ ትዕግሥቷ ያልቃል።

ከጠፍሩ ጀሪካን ሞላችው። ቀና ስትል የቀኝ ቦት ጫማዋ ማሰሪያ በጠስ አለ።

ጫማው ካልጠበቀ መጋዙ አይነሣም፤ ይህ የፓፓ ሕግ ነው። ሌላ ማሰሪያ ቤት ውስጥ አለ። ቤቱ አርባ እርምጃ ነው። ከዚያ ደግሞ ጫማ ማውለቅ፣ መሳቢያ መፈለግ፣ ማታ ሠርታ የተኛችውን እናቷን መቀስቀስ። ካይሳ ጠፍሩን አየችው። በብሎን መፍቻው ጫፍ ቋጠሮውን ፈልቅቃ ፈታችው፤ ጫማዋን ጥፍር አድርጋ አሠረችበት፤ ወጣች።

ሁለተኛው ሙሌት ሊያልቅ ሲል የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። የክፍል ጓደኛዋ ማኬና ናት፤ ወንድሟ እየነዳ ወደ ሆኪ ጨዋታ ሊወስዳቸው መጥቷል።

«ነይ እንጂ! ሊጀመር ነው!»

«መጣሁ! አንዴ!»

መጋዙን አስገባች። ጀሪካኖቹ እግሯ ሥር ናቸው። ጠፍሩን ከጫማዋ መዘዘችና በውጭ የሚጮኸውን ጡሩምባ እየሰማች፣ ፊቷ ወደ በሩ ዞሮ፣ ለእጇ የቀረበው እጀታ ላይ ሁለቴ አንቃ አሠረችው። ቦት ጫማዋን አውልቃ ስኒከሯን አጠለቀችና ሮጠች።

እሑድ መጋዝ አይነሣም።

ሰኞ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ መታጠፊያው ላይ ሲያወርዳት ግቢው ጸጥ ብሎ ነበር። ጠዋት ፓፓ «እስክትመጪ ሦስተኛውን ሙሌት በቀላሉ አለማምደዋለሁ፤ ትከሻዬ ትንሽ ትንሹን ይችላል» ብለዋታል። አሁን ግንዱ ላይ ተቀምጠዋል። መጋዙ እግራቸው ሥር ነው። ሄልሜታቸውን አላወለቁም።

«ምን ሆነ?»

«ጥሩ ይሄድ ነበር። እንዲያውም በጣም ጥሩ» አሉ። «ከዚያ ቆመ። ገመዱም አይሳብም።»

ካይሳ ሳበችው። ድንጋይ እንደ መሳብ ነበር።

ማክሰኞ ዱዌይን ሁለት ብሎን ፈትቶ ማርሚታውን አወጣና በባትሪ ወደ ውስጥ አበራ። ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች ተቧጭሯል፤ ድመት በጥፍሯ የወረደችበት ይመስላል። ታንኩን ከፍቶ አሸተተ፤ ትንሽ በመስታወት ብርጭቆ ቀዳና ወደ መስኮቱ አነሣው። ቅልቅል ቤንዚን በዘይቱ ቀለም ሰማያዊ ይሆናል። ይሄ እንደ ውኃ የጠራ ነበር።

«ንጹሕ ነው» አለ፤ ወደ ካይሳም ዞረ። የቀልድ ፊት አልነበረም። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አሉ ፓፓ። «እኔ ነኝ የሞላሁት።»

ዱዌይን ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አርቮ፣ አንተ? አርባ ዓመት ሙሉ…»

«እኔ ነኝ አልኩህ።»

«እሺ። ሲሊንደሩንና ፒስተኑን እቀይረዋለሁ። ለቅዳሜ ይደርሳል።» ከዚያ ዝግ ብሎ፣ «በሁሉም ሰው ይደርሳል» አለ። እንዲህ ያለው የምሩን እንዳልሆነ ሦስቱም ያውቃሉ።

ቤት ሲደርሱ ፓፓ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ ጓንታቸውን ሳያወልቁ፣ በቀጥታ ወደ ማሽን ቤቱ ሄዱ። ካይሳ ተከተለቻቸው። ጠፍሩን በጓንታቸው ዳብሰው አገኙት፤ ጀሪካኑን ወደ በሩ ብርሃን ጎትተው ክዳኑን ከፈቱ።

«እይልኝ» አሉ። «ሰማያዊ ነው?»

ካይሳ ጎንበስ አለች። ቤንዚኑ የጠራ ነበር። ያኔ ነው ትዝ ያላት። ጡሩምባው። በሩ። ስኒከሯ። ጆሮዋ ጋለ።

«ካይሳ፤ ሰማያዊ ነው ወይ?»

«አይደለም» አለች።

ፓፓ እጀታውን እንዳቃጠላቸው ነገር ለቀቁት። «ጠፍሩን ዳስሻለሁ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «ሰኞ ዳስሼ ነው የሞላሁት፤ ይሄን ያህል እርግጠኛ ነኝ። ስለዚህ ያቀያየርኩት ከዚያ በፊት ነው። ቅዳሜ ማታ፣ ዕቃውን ሳስተካክል… መቼስ ሌላ ማን አለ? አንቺ ቅዳሜ ስትሞዪ አልተሳሳትሽም። አላስታውሰውም። ነገሩ እሱ ነው። ማሠሬን ጭራሽ አላስታውሰውም።»

አፏን ከፈተች። ዱዌይን ያያት አስተያየት መጣባት፤ ከዚያ «አዲሱ ለእሷ ነው» ያሉበት ድምፅ መጣባት። አፏን ዘጋች። ነገ እነግራቸዋለሁ ብላ አሰበች፤ ነገ፣ ሲረጋጉ።

በማግስቱ አልተረጋጉም። ምድጃውን ከዘጉ በኋላ «እስኪ ሄደሽ እይው፣ ዘግቼዋለሁ?» አሏት። ዘግተውታል። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ደግመው ላኳት። ሐሙስ ጠዋት ክኒናቸውን በመዳፋቸው ይዘው፣ የዋጡት መሆኑንና አለመሆኑን ሊወስኑ ሳይችሉ ቆመው አገኘቻቸው። ከሰዓት በኋላ የፒካፑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያ በኋላ አልነኩትም። የሚሄዱት እንኳ እንደ ድሮው አልነበረም፤ በገዛ ቤታቸው ግድግዳ እየያዙ።

አክስቷ ሎርና ሐሙስ ማታ የዶሮና የድንች ድስት ይዛ መጣች። የእናቷ ታላቅ እህት ናት፤ ከተማ ትኖራለች። ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች፤ ካይሳ በነሐሴ ያየችው ያው ወረቀት ነው። ፓፓ ምጣዱን እሳት ላይ ረስተው የወጥ ቤቱ መጋረጃ የተቃጠለ ጊዜ ነበር መጀመሪያ የመጣው።

«አባባ፣ እኔ እርስዎን ለማባረር አይደለም» አለች ሎርና፤ ዓይኗ ቀላ። «የአረጋውያኑ አፓርታማ አንድ ክፍል ተለቅቋል። ከእኔ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። እስከ ቅዳሜ መልስ ካልሰጠን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። በክረምቱ መሃል አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ይደርሳል?»

ባለፈው ጊዜ ፓፓ «ሬሳዬን ነው የምትወስዱት» ብለው ነበር። አሁን ወረቀቱን አዩት።

«ቅዳሜ እስክሪብቶ ይዘሽ ነይ» አሉ።

አርብ በምሳ ሰዓት ካይሳ ሳንድዊቿን ሳትነካ ጠረጴዛውን በጣቷ ትመታለች። ማኬና እጇን ያዘችው።

«አቦ፣ አቁሚ! ራሴን አመመኝ። ምን ሆነሻል?»

ነገረቻት። ማኬና ድንቿን እያላመጠች ሰማች።

«ኧረ ባክሽ አታካብጂ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዛሬ ባይሆን ነገ መሄዳቸው አይቀርም።»

«ግን እሳቸው አይደሉም እኮ ያጠፉት።»

«መጋረጃውንስ ማን አቃጠለው? አየሽ? አንቺ አልጀመርሽውም። ከነገርሽ ደግሞ መጋዙን ደህና ሁን በይው። ሃያ ዓመትሽ ድረስ አታገኚውም።» አሰበች ማኬና። «ወይ ደግሞ ዝም ብለሽ ጠፍሩን ወደ ትክክለኛው ጀሪካን መልሽው። አለቀ። ሌላ ሰው አይሳሳትም፤ አንቺም አትጠየቂም።»

ከአውቶቡሱ እንደወረደች ካይሳ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ማሽን ቤት ገባች። የማኬና ሐሳብ በመንገዱ ሁሉ ቀላል ሆኖ ታይቷት ነበር። ተንበረከከች። ጠፍሩ እንደ ነበረ ነው፤ ከማክሰኞ ወዲህ ማንም አልነካውም። ጥፍሯን ከቋጠሮው ሥር አስገባች። በቀላሉ ላላ፤ የችኮላ ቋጠሮ ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ በቃ። ራሱን የሚነክስ ነገር የለውም። በፓፓ ጣቶች የተሠራ አለመሆኑን ለማወቅ መብራት አያስፈልግም፤ ጓንት ማውለቅ ብቻ ይበቃል።

እሱን ከፈታችው ያሠረው ማን እንደሆነ የሚናገር ሌላ ነገር በዓለም ላይ የለም።

ጥፍሯን አወጣች። ቋጠሮውን መልሳ አጠበቀችውና ወጣች። እራት አልበላችም፤ የሒሳብ ደብተሯን ከፍታ አንድ መስመር ሦስት ጊዜ አነበበች።

ቅዳሜ ከሰዓት ሎርና የተጠገነውን መጋዝ ከዱዌይን ሱቅ ይዛ መጣች፤ በረንዳው ላይ አስቀመጠችው። የካይሳ እናት ሥራ ላይ ነበረች። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱ ተዘርግቷል፤ እስክሪብቶው በላዩ ላይ ነው። ፓፓ የቅዳሜ ሸሚዛቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል።

«ሳውናውን አንቺ ታነጂዋለሽ» አሏት። «እኔ አልነካውም።» ሎርና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ፓፓ በዚህ ቤት ለሃምሳ ዓመት በየቅዳሜው ያን ምድጃ ያነደዱት ራሳቸው ናቸው።

«እሺ» አለች ካይሳ፤ ወጣች።

የተመለሰችው ግን ክብሪት ይዛ አልነበረም። ቀዩን ጀሪካን በሁለት እጇ አቅፋ ገባችና ወለሉ ላይ፣ ከፓፓ ጉልበት አጠገብ አስቀመጠችው።

«ኧረ ካይሳ!» ሎርና ብድግ አለች። «ቤንዚን ወጥ ቤት ይገባል? ምድጃው እየነደደ! አብደሻል?»

«አንድ ደቂቃ። መልሼ አወጣዋለሁ።» ወደ ፓፓ ዞረች። «ፓፓ፣ እጅዎን ይስጡኝ።»

ፓፓ አዩዋት። እጃቸውን ሰጧት። ካይሳ ወስዳ ጠፍሩ ላይ አሳረፈችው። ጣቶቻቸው መጀመሪያ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ከዚያ መሥራት ጀመሩ። ዞሩ፤ ጫፉን አገኙ፤ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ የሌለውን ሦስተኛ ዙር ፈለጉ። አውራ ጣታቸው ቋጠሮውን ሁለቴ ገፋው፤ ሁለቴም ተንሸራተተ።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አሉ።

«የእኔ ነው።» ካይሳ ቆማ ነበር፤ ቁጭ አለች፤ ወለሉ ላይ። «ባለፈው ቅዳሜ የጫማዬ ማሰሪያ ሲበጠስ እኔ ፈታሁት። ቤት መምጣት ሰልችቶኝ። ከዚያ እነ ማኬና ሲጠሩኝ ሳላይ አሠርኩት። እርስዎ አላቀያየሩትም። የማያስታውሱት ስላላደረጉት ነው።»

ምድጃው ውስጥ አንድ እንጨት ተሰነጠቀ።

ፓፓ እጃቸውን ከጠፍሩ ላይ አንሥተው አገላብጠው አዩት።

«አምስት ቀን» አሉ። «አምስት ቀን ሙሉ ይሄን እጅ ስፈራው ከረምኩ።»

«አውቃለሁ» አለች ካይሳ። ይቅርታ የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ነበረ፤ ትንሽ ሆነባት። «እያየሁ ነበር።»

ተቆጥተው ቢጮኹባት ይሻላት ነበር። አልጮኹም፤ ቢያንስ አሁን አልጮኹም። ዓይናቸው ከእሷ ላይ ተነሥቶ ወደ ወረቀቱ ሄደ።

«አባባ» አለች ሎርና ቀስ ብላ፣ «መጋረጃው ግን…»

«መጋረጃው የእኔ ነው» አሉ። «መጋረጃውን አልካድኩም።» ወረቀቱን በአንድ ጣት ወደ እሷ ገፉት፤ እስክሪብቶው ተንከባልሎ ጫፉ ላይ ቆመ። «በጸደይ አምጪው። ያኔ ቁጭ ብለን እናየዋለን። ዛሬ በሌላ ሰው ቋጠሮ አልፈርምም።»

ሎርና ወረቀቱን አልቀደደችውም፤ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ፓፓ ተነሡ። ኮታቸውን ለበሱ። ከመደርደሪያው ላይ ክብሪቱን ወሰዱና በካይሳ አጠገብ፣ በጀሪካኑ አጠገብ አልፈው፣ ግድግዳ ሳይዙ ወጡ።

ካይሳ ጀሪካኑን ወደ ማሽን ቤት መለሰች። ጠፍሩን ፈትታ በትክክለኛው ጀሪካን ላይ አንጠለጠለችው፤ አላሠረችውም፤ ቋጠሮው የፓፓ ነው። በበረንዳው ግድግዳ ላይ ሄልሜት የሚሰቀልባቸው ሁለት ምስማሮች አሉ፤ ቀኙ የፓፓ፣ ግራው ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ የእሷ። የራሷን ሄልሜት አወረደች። አዲሱን መጋዝ አንሥታ፣ አውራ ጣቷን ጠቅልላ፣ ሁለቱንም በፓፓ ምስማር ሥር አስቀመጠቻቸው፤ መልሰው የሚሰጧት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወደ ግንዶቹ ሄዳ፣ ባለፈው ቅዳሜ ቆርጣው ሳይደረደር የቀረውን እንጨት አንድ በአንድ ማንሣት ጀመረች። ቀኝ ቦት ጫማዋ ያለ ማሰሪያ ይላቀቃል። ጆሮዋ ሳውናው በኩል ነበር፤ «እስኪ ነይ እይልኝ» የሚል ድምፅ እየጠበቀች። የምድጃው በር ሲከፈት ሰማች። ሲዘጋ ሰማች። ማንም አልጠራትም። ጥቂት ቆይቶ ከጭስ ማውጫው ጭስ ወጣ፤ መጀመሪያ ቀጭን፣ ከዚያ ቀጥ ያለ።